ተራ ቁጥር አራት

ከችሎቱ ደጃፍ፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር፣
ቅጽ ሰጡኝ፣ ስለ ወንድሜ እንድመሰክር።
አንድ፦ ስም። ሁለት፦ ዕድሜ። ሦስት፦ የትምህርት ደረጃ።
አራት፦ «በልጅነቱ ያደገው ከእነማን ጋር ነበር?»
ከሥሩ የተተወችው ባዶ ቦታ
በጣት የምትሸፈን፤ ለአንድ የቀለም ጠብታ።

እናት፦ ጥሩዓለም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የሌሊት ፈረቃ፤
ከነጥጥ ብናኟ የምትተኛ፣ እኛ ስንነቃ።
አባት፦ ቆየ።
ስሙ እንጂ እሱ አልቆየም። በጥቅምት ማለዳ
የጎርጎራን መርከብ ተሳፍሮ ሄደ፤
ከወደቡ ድንጋይ ላይ የካሳ ዓይን አብሮ ነጎደ።
ቀጥሎ ፈንታ መጣ፣ በአባት ፈንታ፤
ቀን የሚያስቀን ሰው፣ ቀበቶ የሚመዝ ማታ።
ሁለት ክረምት ኖሮ፣ ፍራሹን ጠቅልሎ ወደ መተማ ኮበለለ፤
ቀበቶውን ረስቶት፣ ምስማሩ ላይ ዛሬም አለ።

ጻፍሁ። ሰረዝሁ።
ወረቀቱ ከመሐል ሳሳ።

ካሳ ያሉት፣ ከሱ በፊት ለሞተችው ሕፃን መካሻ፤
ሰባት ዓመት ሲሞላው የቤቱ ቁልፍ በሲባጎ
ከማተቡ ጎን ተንጠለጠለ፤ ያ ነበር የሱ ድርሻ።
እኔን ግን፣ የፋብሪካው አውቶቡስ እናቴን ሲወስዳት፣
እትዬ አንጓች በሯን ከፍታ ትጠራኝ ነበር ወደ ራት፤
«ሴት ልጅ ብቻዋን አታድርም።»
«ካሳስ?» ስላት፣
«እሱማ ወንድ አይደል? ምን ይሆናል?»
ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም።
አልጋዋ ጠባብ ነው፤ ልጆቿ አራት።

በእሱና በእኔ መሐል አንድ የጭቃ ግድግዳ።
ሲጨልም በጣቱ ያንኳኳል፤ ሦስት ጊዜ።
እኔም ሦስት ጊዜ እመልሳለሁ፣
እንቅልፍ ጥሎኝ እስክሄድ ድረስ።
እየቆየ፣ እንቅልፌ ቶሎ ይመጣ ጀመር።
አንድ ሌሊት አላንኳኳም።
በነጋታው እግሩ ላይ አዲስ ሸራ ጫማ አየሁ፤
«ከየት?» ብዬ አልጠየቅሁም። አማረበት ብዬ ዝም አልሁ።

አሁን ሃያ አራት ዓመቱ።
በሽምብጥ ዳር የጀልባ ሞተር ሲፈታ በሌሊቱ፣
ዘበኛው ስንሻው ነቃ፤ መቅዘፊያው ተነሣ፤ ወረደ።
ጠዋት ደንገል አጫጆች ከእምቦጩ መሐል አገኙት፣
ሐምራዊው አበባ ግንባሩ ላይ ተጣብቆ።

ቆየ አልነበረም መቅዘፊያውን ያነሣው፤
ፈንታም፣ ቀበቶውም አልነበረም።
የወንድሜ እጅ ነው። አውቀዋለሁ፤
ያንን እጅ በግድግዳ በኩል ስንት ሌሊት ሰምቼዋለሁ።
አባት የሌለው ሁሉ ሰው አይገድልም።
እኔ አለሁ፤ ከዚያው ቤት፣ ከዚያው ማጀት፣
ዶሮ ገድዬ አላውቅም።
ግን ለኔ በር ተከፍቶልኝ ነበር።
ይህን የሚጠይቅ ተራ ቁጥር ፈለግሁ፤
ቅጹን ገለበጥሁት። ጀርባው ነጭ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዳኛው፣ ከመዝገቡ ቀና ሳይሉ፣
«ለሟች ቤተሰብ ካሳን በተመለከተ» አሉ፤
ወንድሜ ስሙ የተጠራ መስሎት
ብድግ አለ።
ከኋላ የሣቀ ነበር። ፖሊሱ ትከሻውን ተጭኖ አስቀመጠው።
ማንስ ይከፍለዋል፣ ማንስ ይክሰዋል፣
ካሳ ራሱ ዕዳ ሆኖ ሲቀር?

ስንወጣ፣ ከኮሪደሩ አግዳሚ ጫፍ
የስንሻው የመጨረሻ ልጅ ተቀምጧል፤ እግሩ መሬት አይደርስም።
እናቱ ካለፈው ወር ጀምራ፣ ከሐይቁ ዳር ሆቴል፣
ሌሊት ሰሃን ታጥባለች ይላሉ።
ባንገቱ ሲባጎ አለ።
የሲባጎው ጫፍ አፉ ውስጥ ነው፤
አንድ ነገር ይጠባል፤ ብረት ጥርሱ ላይ ይንቀጫቀጫል።

ይቅርታ ለማለት ምላሴ እንቢ አለ።
ደግሞስ በምን አፌ?
ከአግዳሚው በወዲህኛው ጫፍ ተቀመጥሁ፤
ቅጹን ጭኔ ላይ አጣጥፌ፣
እንጨቱን በጣቴ፣ በቀስታ፣
ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ።

ልጁ ቁልፉን ከአፉ አወጣ።